አባቴ የሚሄድበት ሺፍት

«ሥራ የለም የሚል ሰው መሥራት ያልፈለገ ሰው ነው! ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰነፍ ነው!» አለ አባቴ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ። የሻይ ብርጭቆዎቹ ዘለሉ። እኔም ዘለልኩ።

«ቀስ በል እንጂ ብርሃኑ» አሉ ጎረቤታችን ጋሽ በዛብህ። «ሰው እንጀራው ሲዘጋበት ትንሽ መደገፊያ ያስፈልገዋል። አንኢምፕሎይመንት የሚባለው የሥራ አጥ ድጎማስ ለምን ተሠራ ታዲያ?»

«ሰው ለማበላሸት! ቤቱ ቁጭ ባለበት ገንዘብ ከመጣለት ማን ይነሳል? እርስዎ ይነሳሉ?»

«እኔንማ ጉልበቴም አያስነሳኝም» አሉ ጋሽ በዛብህ። ለማሳቅ ነበር። አባቴ አልሳቀም።

ልብ በሉልኝ፤ አባቴ እየጮኸባቸውም «እርስዎ» ነው የሚላቸው። የእኛ ሰው ሲጣላ እንኳ አክብሮቱን አያወልቅም። እኔ ደግሞ ኩሽናው በር ላይ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር፤ የፈራሁት ጭቅጭቁን ብቻ ግን አይደለም።

ስለ ፍርሃት ትንሽ ላውራችሁ፤ ከሱ የተሻለ የማውቀው ነገር የለኝም። ውሻ እፈራለሁ። ሊፍት እፈራለሁ። አስተማሪ ስሜን ሲጠራ እፈራለሁ፤ አበላሽቶ ሲጠራው ደግሞ ማረም እፈራለሁ፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ሜሮን ነኝ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ማሪዮን። ይህንን ስጽፍ ራሱ እናንተን እየፈራሁ ነው። እነዚህ ሁሉ ግን የራሴ ፍርሃቶች ስለሆኑ እንዴት እንደምይዛቸው አውቃለሁ። የሰው ምስጢር ይዞ መፍራት ሌላ ነው። እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ ይዛችሁ ሰው በበዛበት ክፍል ውስጥ ስትሄዱ አስቡት፤ እንደዚያ ነው።

ምስጢሩ ይኸውላችሁ፦ ሰነፎችን እየሰደበ ጠረጴዛ የሚደበድበው አባቴ፣ ራሱ አንኢምፕሎይመንት ላይ ነው።

አባቴ ካዚኖ ውስጥ ካርታ አዳይ ነበር፤ ዲለር የሚሉት። አንድ ቀን የሱን ጠረጴዛና የጓደኞቹን ጠረጴዛ አነሱና ማሽን ተከሉበት። ማሽኑ ስክሪን ውስጥ ካርታ የምታድል ሴት አለች። አትታመም፣ ሽንት ቤት አትሄድ፣ እግሬን አመመኝ አትል፤ ሁልጊዜ ትስቃለች። ቲፕ እንኳ አትፈልግም። አባቴ ማታ ገብቶ ለእናቴ ሲነግራት ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በሥዕል ተተካሁ።»

እኔን ደግሞ ጠርቶ «ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባለው ጎዳና ላይ ያለው አፓርታማችን ግማሹ ሐበሻ ነው። ላይ ፎቅ ያለ ሰው ሲያስነጥስ ከታች ያለው «ይማርህ» ይላል። ስለዚህ አባቴ የሺፍቱ ሰዓት ሲደርስ እንደ ድሮው ጢሙን ይላጫል፣ ነጭ ሸሚዙን ይተኩሳል፣ ጥቁር ሰደርያውን ይለብሳል፤ ደረጃው ላይ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ብሎ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ? ላይብረሪ። እዚያ ከነሰደርያው ቁጭ ብሎ ሥራ ሲፈልግ ይውልና ሺፍቱ ሲያልቅ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ኦቨርታይም ሁሉ ይሠራል። በሕይወቴ ሥራ በማጣት እንደዚህ የደከመ ሰው አላየሁም።

አንኢምፕሎይመንት ሰው ያሰንፋል ሲባል እሰማለሁ። ሊሆን ይችላል፤ እኔ ልጅ ነኝ። ግን ያየሁትን ልንገራችሁ። በቀደም አንድ ሌላ ካዚኖ አባቴን ለኦዲሽን ጠራው (ዲለር እንደ ዘፋኝ ተፈትኖ ነው የሚቀጠረው)። ወደዱት። «ሰው ሲበዛብን እንደውልልሃለን» አሉት። ሰው ካልበዛ አይደውሉም ማለት ነው። የቤት ኪራይ ግን ሰው በዛም አልበዛም ከቀኑ ዝንፍ አይልም። አባቴና እናቴ በሩን ዘግተው ሲነጋገሩ ሰማኋቸው፤ ሥራውን ቢይዝ ድጎማው ሊቆም ይችላል፣ ስልኩ ደግሞ ላይጮህ ይችላል። ስለዚህ አባቴ «አስብበታለሁ» ብሏቸው መጥቷል። እያሰበ ነው። በጣም እያሰበ ከመሆኑ የተነሳ ሲያኝክ ሁሉ ይረሳል።

ፍርሃቴ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የእኔ እንግሊዝኛ ስለሚሻል፣ ድጎማው እንዳይቆም እሁድ እሁድ የሚሞላውን የመንግሥት ጥያቄ በአባቴ ፈንታ የምመልሰው እኔ ነኝ። ስልኩን ይሰጠኛል፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን እቆልፋለሁ። በዚህ ሳምንት ሠርተሃል? መሥራት ትችላለህ? ሥራ ፈልገሃል? ሥራ ተሰጥቶህ እምቢ ብለሃል? እዚህ ስደርስ ጣቴ ይደርቃል። «አስብበታለሁ» ማለት «እምቢ» ማለት ነው? የምጠይቀው ሰው የለኝም። ከሥር ደግሞ የዋሸ ይቀጣል የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ጥያቄዎቹን አሁን እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ የምደግማቸውም እንደዚያው እየጸለይኩ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ወደ ጭቅጭቁ እመልሳችኋለሁ። ዲለር ጠረጴዛውን ለቆ ሲሄድ አንዴ ያጨበጭብና መዳፎቹን ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች ገልብጦ ጣሪያው ላይ ላለው ካሜራ ያሳያል። ምንም አልያዝኩም ማለቱ ነው። አባቴ ልማድ ስለሆነበት ቤትም ራት በልቶ ሲነሳ ያደርገው ነበር፤ እናቴ «ማንኪያዎቹን ቁጠሪ» ትለኝና እንስቅ ነበር። ሥራውን ካጣ ጀምሮ አድርጎት አያውቅም።

ጋሽ በዛብህ ከእኛ በታች ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እኛ ዲቪ ደርሶን ስንመጣ ከኤርፖርት የተቀበሉን፣ አባቴን መንጃ ፈቃድ ያስወጡት፣ ዲለር ትምህርት ቤት ይዘውት የሄዱት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ራሳቸው ግን በሱዳን በኩል በስደት ሲመጡ የተቀበላቸው ሰው አልነበረም። ብዙ ዘመን ታክሲ ነዱ፤ በኋላ የአንድ ሆቴል እንግዶችን የሚያመላልስ ሚኒባስ ሹፌር ሆኑ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ጋ ሻይ ይጠጣሉ። ያን ዕለት እናቴ ሥራ ላይ ስለነበረች ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ። ገና አንዴ ፉት እንዳሉ፣ ስልካቸውን በእጃቸው እያገላበጡ «ለመሆኑ ይሄ አንኢምፕሎይመንት የሚሉት ነገር እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ።

አባቴ ደነገጠ። ሰምተው ነው፣ ሊያወጣጡኝ ነው ብሎ አሰበ። እኔም እንደዚያው አሰብኩ። የፈራ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ እኔ ዝም እላለሁ፣ አባቴ ይጮኻል።

«ቁጭ ብሎ የሚበላውን ትሰድባለህ» አሉ ጋሽ በዛብህ አሁን። «ቆሞ እየሠራ ኪራይ የማይደርስለትንስ?»

«ሁለት ሥራ ይያዛ!»

«ሁለት ይዞስ ካልበቃው?»

«ሦስት!»

«መቼ ይተኛል?»

«ሲሞት ይተኛል!» አለ አባቴ። ወዲያው ያለው ነገር ራሱን ያስፈራው መሰለኝ፤ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደና ጀርባውን ሰጠን።

ጋሽ በዛብህ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ሜሮንዬ፣ ነይ እስቲ የኔ ልጅ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዓይኔ ደክሟል። ይቺን እይልኝ።»

ስልኩን ተቀበልኩ። ያው ገጽ ነው! መታጠቢያ ቤት ውስጥ የማውቀው ገጽ።

«ሆቴሉ ሹፌሮቹን ሁላችንንም አሰናበተን» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለአባቴ ጀርባ አልገባኝም። «ለሰው አልተናገርኩም። ቢሮው ሄጄ ድጎማውን አስከፍቼ ነበር፤ በየሳምንቱ የሚጠይቀውን ግን መመለስ አቃተኝ። ዛሬም ካልሞላሁት ያልፈኛል። ኪራዩ ደግሞ አያልፈኝም።»

አሳዘኑኝ። ካሳዘነኝ ደግሞ መፍራት እረሳለሁ፤ ጥፋቱ ይሄ ነው። ጥያቄዎቹ ገና ሳይከፈቱ እኔ ጀመርኩ፦ «አይጨነቁ ጋሼ። መጀመሪያ ሠርተው እንደሆነ ይጠይቅዎታል፤ የለም እንላለን። ከዚያ መሥራት ይችሉ እንደሆነ። ከዚያ ሥራ ፈልገው እንደሆነ። አራተኛው ላይ ግን አይቸኩሉ፤ ሥራ ሰጥተውዎት እምቢ ብለው እንደሆነ ነው የሚጠይቀው፤ እሱ ነው የሚያስፈራው...»

ያን ጊዜ ጥያቄዎቹ ተከፈቱ። መጀመሪያው ጥያቄ፦ በዚህ ሳምንት ሠርተዋል?

ጋሽ በዛብህ ጥያቄውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ከዚያ ለነገ ተተኩሶ ወንበር ላይ የተንጠለጠለውን ሰደርያ አዩት። እየጠበቅኳቸው ነበር፤ «አንቺ ይህንን የት ተማርሽው?» እስኪሉኝ። የምስጢሩ ብርጭቆ ከእጄ ወድቋል፣ ውሃው ፈስሷል፤ የቀረው «ማነው ያፈሰሰው?» መባል ብቻ ነበር። አባቴ ከመስኮቱ ዞር አላለም።

ጋሽ በዛብህ አልጠየቁኝም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብለው አዩና፣ ለደከመ ሰው ወንበር እንደሚለቁ ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ብርሃኑ፣ ሺፍትህ እንዳይረፍድብህ» አሉት።

እሁድ የአባቴ ዕረፍት መሆኑን ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። ጋሽ በዛብህም ያውቃሉ።

አባቴ ዞሮ መጣ። ያልጨረሰው ሻይ ያለበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆመ። እኛ ቤት ካሜራ የለም፤ ጭስ ሲሸተው የሚጮኸው ክብ ነገር ብቻ ጣሪያው ላይ ቀይ መብራቱን ብልጭ ያደርጋል። አባቴ አንዴ አጨበጨበ። መዳፎቹን ወደ ላይ ገለበጠ፣ ከዚያ ወደ ታች። ምንም አልያዙም።

ከዚያ በሩን ከፍቶ፣ ሰደርያውን ወንበሩ ላይ ትቶ ወጣ።