በሰሊጥ ዘይት ታሽቼ ሙሽራ የሆንኩበት ሳምንት

«ጨርቁ ነው ያለቀው፤ አንቺ ገና ነሽ።»

ይህን ባለፈው ሳምንት ፊት ለፊት ያሉኝ ልብስ ሰፊው ዓም (አጎት እንደማለት ነው) ኢድሪስ ናቸው። ያውም ሌሎቹ ሚዜዎች እየሰሙ!

የዛሬውን ጉዴን ስትሰሙ ታዝኑልኛላችሁ ልል ነበር። ውሸቴን ነው፣ ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም።

የአክስቴ ልጅ ሰላም ልታገባ ነው። ሰሊጡ ታጭዶ ካለቀ ወዲህ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሳናገባ የቀረነው እኔና የዓም ኢድሪስ አህያ ብቻ ነን። የሚዜዎቹ ቀሚስ አንድ ዓይነት ነው፤ የኔ የተቆረጠው ግን ባምናው ልኬ ነው። ሰላም ቁርጡን ነገረችኝ፤ እስከ ቅዳሜ ዚፑ ካልተዘጋ ቦታዬን ፋው ከተማ ያለችው የባሏ እኅት ትወስዳለች።

ልጅ ሆነን ስደተኞች ካምፕ ውስጥ አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ የተነጋገርነው እኮ ነው። አንዷ ስታገባ ሌላዋ ከጎኗ ትቆማለች።

ቤት ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ። ኔቱ መጣ ሄደ እያለ አንዲት ህንዳዊት አገኘሁ። አዩርቬዳ ትላለች፤ ያገሯ የጥንት ሕክምና ነው። የኔ ዓይነቱን ሰው ካፋ ይሉታል አሉ። ከባድ፣ ዝግተኛ፣ እንቅልፍ የሚወድ፣ ጣፋጭና ቅባት የማይስማማው።

እናቴ ነግራት ነው እንዴ?

ጠዋት በዝንጅብል የፈላ ውኃ ጠጪ አለች። ዋናውን ምግብ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ብዪ፣ ከጠለቀች በኋላ አፍሽን ዝጊ። ቀን መተኛት ክልክል ነው። (ሴትዮዋ ገዳሪፍን በቀትር አይታት አታውቅም!) ከዚያ ገላሽን በሞቀ የሰሊጥ ዘይት፣ ቀጥሎ በሽምብራ ዱቄት እሺው። ስቡን ያቀልጠዋል።

እኛ ደግሞ ሰሊጥ መች አጣን! እናቴ ገበያ ስትወጣ ግቢ ቁጭ ብዬ ስታሽ ጎረቤታችን ሐጃ ነፊሳ ካጥሩ በላይ አዩኝ።

እዚህ አገር ከቤት ሳትወጣ ዘይትና ዱቄት የምትታሽ ልጃገረድ ምን እንደሆነች ሕፃን ያውቃል።

ሙሽራ ናት!

ሐጃ እልል አሉ። በነጋታው መዲዳ ይዘውልኝ መጡ፤ በቴምርና በቅቤ የተሠራ፣ ሙሽራ የሚያወፍሩበት ገንፎ ነው። ባልሽ አጥንት ሊያቅፍ ነው ወይ ብለው ተቆጡኝ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ማንኪያው ቀደመኝ።

ልዋሻችሁ? ደስ አለኝ። በዕድሜዬ ሰውነቴን አይቶ «ትንሽ ይቀርሻል» ያለኝ ሰው ኖሮ ያውቃል? ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ዝንጅብል፣ ቀትር ላይ መዲዳ። ደግሞ ሰዓቱን አላዛነፍኩም! አዩርቬዳን እንደኔ ያከበረ ማን አለ?

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ዓም ኢድሪስ ሱቅ ሰላም ቆማ እያየች ሁለት ሚዜዎች ዚፑን ግራና ቀኝ ይጎትታሉ፣ እኔ ትንፋሼን ውጫለሁ። ዚፑ ወገቤ ላይ ደርሶ ቆመ። የፋዋ ልጅ ጥግ ላይ ቆማለች። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ጫማዋን ከወዲሁ ያወለቀች።

አንዴ ልተንፍስና እንደገና እንሞክር ስል ሐጃ ነፊሳ ሳህን ተሸክመው ገቡ። ቤት ሲያጡኝ ሌላ ጎረቤት «ልብስ ሰፊ ጋ ሄደች» ብሏቸዋል። የሙሽራዋ ምሳ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ነው አሉ፣ በዓረብኛ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። ከዚያ ጀርባዬን አዩት።

«ቀሚሱ ጠበባት? አልሐምዱሊላህ! ሳምንት ሙሉ ያበላኋት እኔ ነኝ።»

ሰላም ከሳህኑ ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ ለሠርጌ ላይ ታች ስል፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ሙሽርነቴን ትበዪልኛለሽ?»

አንድም የሳቀ የለም። ሐጃ አማርኛ አይሰሙም፤ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ።

«ብዪ አለችኝ» አልኳቸው።

ከመጋረጃው ኋላ ቀሚሱን አውልቄ ለፋዋ ልጅ ሰጠኋት። የራሴን ለበስኩ፣ ሳህኑን ከሐጃ ተቀበልኩና ወጣሁ።