ማርቬላን ዘፋኝ ያደረጉት ሰው

ሰው ሲከብር ዘመዱ ይበዛል፤ ዘፋኝ ስትከብር ደግሞ አስተማሪዋ ይበዛል። አሜሪካ፣ ኬንታኪ ያለችው መንደራችን ግን አንድ አስተማሪ ይበቃታል፤ እሳቸውም ክቡር የዶሮ መኖ ነጋዴ ሚስተር ቨርጂል ታኬት ናቸው።

ማርቬላ ስታይልስ አባቷ የድንጋይ ከሰል ሲቆፍር የሞተባት፣ እናቷ የሰው ልብስ አጥባ ያሳደገቻት ልጅ ናት። ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር፣ በገበያ ቀን ጭነት መኪና ላይ ወጥታ ስትዘፍን ቆይታ፣ አንድ ጠዋት ጊታሯን አንግታ በአውቶቡስ የዘፋኞች ከተማ ናሽቪል ገባች። ጥቂት ዓመት ምግብ ቤት ሳህን አጠበች፤ ከዚያ ካንትሪ የሚባለው የገጠር ዘፈኗ ከየመኪናው ሬዲዮ ይሰማ ጀመር። ይሄኔ ሚስተር ቨርጂል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እኔ ባልኖር ማርቬላ የለችም» አሉ።

መጀመሪያ «አበረታታኋት» ነበር ያሉት። ዓመት ሳይሞላ ጊታሩን የገዙላት እሳቸው ሆኑ። ሽልማት ስታገኝማ ያን አንጀት የሚበላ ድምፅ ከአያታቸው ተቀብለው ያስተላለፉላት እሳቸው እንደሆኑ ነገሩን። ጸጉር አስተካካዩ፣ ታዲያ ስምዎን ለምን አንድ ቀን እንኳ አላነሳችም ቢላቸው፣ «አታንሺ ብያት ነው» ብለው አፉን አስያዙት።

ባለፈው መስከረም ማርቬላ በአውራጃው የእርሻ በዓል ልትዘፍን መጣች። ነገረኛው የመንደሬ ሰው ሚስተር ቨርጂልን ጎትቶ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። አጠገባቸው ነበርኩ፤ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያሻሹታል፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። የሚያብለጨልጭ ቀሚሷን ለብሳ መድረክ ላይ ወጣችና ገና ስታያቸው ሙዚቀኞቿን አስቆመች።

«ሚስተር ቨርጂል፣ ያስታውሱኛል? ሱቅዎ በር ላይ ስዘፍን ዶሮዎቼ እንቁላል መጣል አቆሙ ብለው በመጥረጊያ አባረሩኝ። ተናድጄ ገበያ መሃል ሄጄ፣ ጭነት መኪና ላይ ወጥቼ ዘፈንኩ። ሰው የሰማኝ ያን ቀን ነው።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። እኔ በሳቸው ፈንታ መሬት ብትውጠኝ ተመኘሁ። ሽማግሌው ግን ቀስ ብለው ተነሡ፤ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «ይኸው በጆሯችሁ ሰማችሁ» አሉ። «ወደ መድረክ ያወጣኋት እኔ ነኝ።»

ማርቬላ ከሳቋ ብዛት ዘፈኑን መጀመር አቃታት። ወርዳ ግንባራቸውን ሳመቻቸው። እሳቸው አለቀሱ፤ የኔም ዓይን ውስጥ አንድ ነገር ገባ።

ሰሞኑን አንድ እንግዳ ሱቃቸው ገብቶ ታሪኩን አፉን ከፍቶ ካዳመጠ በኋላ፣ እኔን ጠጋ ብሎ፣ «እውነታቸውን ነው?» አለኝ። ሚስተር ቨርጂል ከጠረጴዛው ማዶ ሆነው በስጋት አዩኝ።

«እውነት ነው» አልኩት። «መጥረጊያውን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።»