ጥቁሮቹ ቁራሾች ለፑንታው የተናገሩት

ሰው የነገርን ውስጥ ማየት አይወድም። ይደክመዋል መሰለኝ። ቤት ሊከራይ ሄዶ የሚያየው በሩን ነው፤ መኪና ሊገዛ ሄዶ ቀለሙን ዳብሶ ይመለሳል። እናንተም ብትሆኑ ይህን ማንበብ የጀመራችሁት ርእሱን አይታችሁ ነው፣ አትዋሹኝ። ላዩ ካማረ «ውስጡን ለቄስ» ብለን እናልፋለን። እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ፤ ለቄስ የምተወው ነገር የለኝም።

በዚያ ላይ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ብረት ስቀርጽና ስበሳ ፀጉሬ ሸብቷል። ሰፈሬን ስናገር የሰው ፊት እንዴት እንደሚሆን አሳምሬ አውቃለሁ። «ኮልፌ? ቆሼ ያለበት?» ይሉኛል። አዎ፣ ቆሼ ያለበት! ቆሻሻው እኮ የእናንተ ነው፤ ወደ እኛ መጣ እንጂ እኛ አልላክንላችሁም።

እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሐያት መጣች። ሐያት ከእኛ ማዶ ጨርቅ የሚነግዱት የጎረቤታችን የሐጂ ከድር ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። ከቦርሳዋ የሞባይል ስልክ የሚያካክሉ ሁለት ጥቁር ቁራሾች አወጣች። ቁርጥ መንታ ናቸው። የሚለያዩት በነጭ ማርከር በተጻፈባቸው «ሀ» እና «ለ» ብቻ ነው።

«ጋሽ ዳዊት፣ ተራ ፕላስቲክ እንዳይመስልዎት» አለችኝ። «ውስጡ ካርቦን ናኖቲዩብ አለበት፤ ከፀጉር በብዙ ሺህ እጥፍ የቀጠነ ቱቦ ነው። ሀ ላይ ቱቦዎቹ በደንብ ተበትነዋል። ለ ላይ ግን እዚህም እዚያም ጓጉለዋል። ሁለቱን በአንድ ዓይነት የመብሻ ፑንታ፣ በአንድ ፍጥነት ይብሱልኝ። ውስጣቸው ሲለያይ አበሳሳቸውም እንደሚለያይ ማሳየት አለብኝ።»

ነገሩ ገባኝ። ገንፎ ያገነፋ ሰው ሁሉ ይገባዋል፤ ዱቄቱ ያው ዱቄት ሆኖ ሳለ የጓጎለው ገንፎና ያልጓጎለው አንድ አይደሉም።

የዩኒቨርሲቲው መብሻ ማሽን ተበላሽቷል። መምህሯ ደግሞ «ይህን ኮልፌ ቶርኖ ቤት? ውጭ አገር ይላካል እንጂ!» ብሏታል። ውጭ ከተላከ የመመረቂያ ጽሑፏን የምታቀርብበት ዲፌንስ ያልፋታል፤ ዲፌንሷ በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ካለፋት ዓመቷ ተቃጠለ። ሌላ ቁራሽ የላትም። እነዚህን ሁለቱን ለመሥራት ወራት ፈጅቶባታል።

«ኮልፌ» የምትለዋን ስሰማ ደሜ ፈላ። «አምጪ!» አልኳት።

እኛ ቶርኖ ቤት ውስጥ አንድ ልማድ አለን። ዕቃን ማሽን ላይ ከማሰራችን በፊት ናፍጣ በነካ ጨርቅ እንወለውለዋለን። ከነአቧራው ማሰር ነውር ነው፣ ባለቤቱን መናቅ ነው። ሐያት ስልክ ልታነሳ ወደ ውጭ ወጣ አለች። እኔም በሙሉ አክብሮት ወለወልኩ። ስትመለስ ነጩ ማርከር ለቅቆ «ሀ»ም «ለ»ም ጨርቁ ላይ ነበሩ።

አልጮኸችም። ባዶ በርሜል ላይ ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ በዓይን አይለዩም እኮ! የሚለያቸው ማይክሮስኮፕ ነው፤ ወረፋዬ ደግሞ ከዲፌንሴ በኋላ ነው።»

አፈርኩ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የልጅቱን ድካም በአንድ ጨርቅ ጠርጌ ጣልኩት። ከዚያ ግን መምህሯ ትዝ አለኝ፤ «ብዬሽ ነበር» ሲላት ታየኝ። እፍረቴ ወደ እልህ ተለወጠ።

«ቆይ» አልኳት። «ውስጣቸው ከተለያየ አበሳሳቸውም ይለያያል ያልሽው አንቺ ነሽ። ታምኚበታለሽ ወይስ ለዲፌንስ ያህል ነው?»

«አምንበታለሁ» አለች።

«እንግዲያው እንብሳቸው፤ ስማቸውን ራሳቸው ይናገሩ።»

ብናኙ ለሳንባ አይበጅም ብላ ይዛው የመጣችውን ማስክ አደረግን። የመጀመሪያውን መብሻ ማሽናችን ትራፓኖው ሥር አሰርኩ። ፑንታው በእኩል ድምፅ ወረደ፤ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ወጣ፤ የቀዳዳው አፍ ንጹሕ ነበር። ሁለተኛው ሌላ ጉድ ነው። ትንሽ እሺ ይልና ይይዛል፣ ድንገት ይለቃል፤ እጀታው መዳፌ ውስጥ ይነጥራል። ፍቅፋቂው ፍርፋሪ፣ አፉም የተሸራረፈ። ሐያት «ፑንታው ደንዝዞ ቢሆንስ?» ብላ አዲስ አስቀየረችኝ። ቅደም ተከተሉን አገላበጠች። በመጨረሻም ዓይኔን አስጨፍና እያፈራረቀች ታቀብለኝ ጀመር። አንድም ጊዜ አልተሳሳትኩም። ማርከሯን ተቀብዬ «ሀ» እና «ለ» ብዬ መልሼ ጻፍኩባቸው።

ልጅቷ ለመምህሯ እውነቱን ሳትደብቅ ነገረችው። ሰውየው ያንን ቶርኖ ሠራተኛ ሳላጋልጥ አላድርም አለና ለቁራሾቹ የማይክሮስኮፕ ተራ አስገኘላቸው። ለዲፌንስ ሲባል ጠፍቶ የነበረ ወረፋ እኔን ለማሳፈር ሲሆን በአንድ ከሰዓት ተገኘ።

ማይክሮስኮፑ ከእኔ ጋር ተስማማ። ሐያትም ዲፌንሷን አለፈች።

ባለፈው ሳምንት መምህሩ ራሱ ኮልፌ ድረስ መጣ። ስምንት ጥቁር ቁራሾች በተራ ደርድሮ ይዟል፤ አንዱም ላይ ምንም አልተጻፈም። በተራቸው የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት ኪሱ ውስጥ በፖስታ ታሽጓል። «ምልክት ያየ እጅ ያዳላል፤ ስለዚህ እርስዎም ባያውቁት ይሻላል» ብሎ አስረዳኝ፤ የእኔንና የሐያትን ዘዴ ራሱ ያፈለቀው ይመስል።

እሺ አልኩት። ጨርቄን ናፍጣ ነከርኩና፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ ስምንቱንም አንድ በአንድ ወለወልኳቸው።