ገዴራ ላይ የወረደው ድንጋይ

እናንተ ምን እንደምትፈሩ አላውቅም። እኔ ጎንደር ሳለሁ የምፈራው ጅብን ብቻ ነበር፤ እሱም እኔን ይፈራኝ ነበር፤ ውሸት ከመሰላችሁ ጅቡን ጠይቁት። ዕብራይስጥ ወደሚነገርበት አገር መጥቼ ቂርያት ማላኪ ከተማ ከገባሁ ወዲህ ግን ፍርሃቴ ሠለጠነ። ስልክ ሲጮህ እፈራለሁ፤ የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት አማካሪ ፈገግ ስትልልኝ እፈራለሁ፤ ከሁሉም በላይ ሚሽታራ፣ ማለቴ ፖሊሱ፣ በልጆቻችን ስም የሚከፍተውን የወንጀል ፋይል እፈራለሁ። ፋይል ያለበትን ልጅ ጦሩ አይወስደውም ይባላል። ጦሩ ያልወሰደውን ደግሞ የትኛው አሠሪ ይወስደዋል?

ይቺው አማካሪ የእህቴን ልጅ ዳኒን ይዤ ያቭነ ከተማ ሄጄ ፊልም እንዳሳየው መከረችኝ። ሌቦች ጎረምሶች ጸባይ ማረሚያ ገብተው ሰው ሲሆኑ የሚያሳይ የወንጀል ፊልም ነው። ሌላው ፊልሙን ሲያይ እኔ ዳኒን አየሁ። መኪና በሽቦ ሲከፈት ዓይኑን አልነቀለም፤ ልጄ ሙያ ቀሰመ ብዬ አዳራሹ እስኪነቃነቅ ተንቀጠቀጥኩ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ሲያጨበጭብ ዳኒን ላብ አጥምቆታል።

አውቶቡስ ውስጥ፣ «አጎቴ፣ የተሰረቀበት ሰውዬ ቤት ግን ማንም አልሄደም» አለኝ።

«ፊልም ነዋ።»

«የገዴራው ሰውዬ ፊልም አይደለም።»

ለካስ ገዴራ ከተማ ከአንድ ሰው ግቢ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ወስዶ ደብቋል። ሰውዬው ለፖሊስ ሳይናገር መድረስ ነበረብኝ። በማግስቱ ብስክሌቱን በወዳጄ መኪና ጭነን፣ እኔ ጋቢዬን ለብሼ ሽማግሌ ሆኜ፣ ዳኒን ድንጋይ አሸክሜ ሄድን። የአባቶቻችን ወግ ነው፤ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይንበረከካል፤ ተበዳይ ድንጋዩን ካወረደለት ይቅር ብሏል፤ ከዚያ ወዲያ ቂም የለም። የረሳሁት ነገር ቢኖር፣ ወጉን የማያውቅ ሰው ደጁ ላይ ድንጋይ የያዘ ጎረምሳ ሲያይ ምን እንደሚያስብ ነው።

በሩን የሚያክል ሰው ወጣ። ድንጋዩን ሲያይ ደሙ ከፊቱ ሸሸ። እኔም ዕብራይስጤ ሁሉ ጠፍቶ «ቤሰደር» ብቻ ቀረኝ፤ እሱን ደጋገምኩለት። ሰው «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ሲሉት ይበልጥ እንደሚፈራ ያን ቀን አወቅሁ። ዘሎ ድንጋዩን ከዳኒ ትከሻ ላይ መነጨቀ።

እኔ ደግሞ ይቅር አለን ብዬ መሬት ሳምኩ።

ጎረቤት ደውሎ ኖሮ የፖሊስ መኪና ደረሰ። ፖሊሱ የሚያየው ድንጋይ ያነሳ ግዙፍ ሰው፣ ከሥሩ የተንበረከከ ልጅና በግንባሩ የተደፋ ሽማግሌ ነው። ሰውዬውን ድንጋዩን እንዲያስቀምጥ አዘዘው፤ እሱ ግን ግራ ገብቶት ይበልጥ ታቀፈው። ያኔ ዳኒ ተነሣና ብስክሌቱን የወሰደው እሱ መሆኑን፣ ሊመልስ እንደመጣ ተናገረ። ፋይሉ ሲከፈት ድምፁ የተሰማኝ መሰለኝ።

ሰውዬው ብስክሌቱን አየ፣ ልጁን አየ። ድንጋዩ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ዳኒ በዕብራይስጥ አስረዳው።

«ታዲያ እኔ ስወስድብህ ምን ማለቴ ሆነ?»

«ይቅር ብለውኛል ማለት ነው።»

ድንጋዩን ገለበጠ፣ አገላበጠ። እሱ አገላብጦ እስኪጨርስ ሰው ከጎንደር እዚህ ድረስ በእግር ይደርሳል። ከዚያ ወደ ፖሊሱ ዞሮ፣ «እንግዲህ ይቅር ብያለሁ» አለ።

ፖሊሱ ሄደ። ሰውዬው ድንጋዩን እንደታቀፈ የት እንደሚያስቀምጠው ጠየቀኝ። አባቶቻችን ይሄን አልነገሩኝም። ቢጥለው ይቅርታው ይፈርስ ይሆን ብዬ ስለፈራሁ፣ እዚያው ቤቱ ይቀመጥ አልኩት።