ነፋስ ያልነካው ብየዳ

ጥሩ ብየዳ አልወድም። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲበይድ የኖረ ሰው ይህን ሲል ይገርማል አይደል? ቆቦ ውስጥ የሚያውቁኝ ሁሉ ይገረማሉ። ቤቴ አውራ ጎዳናው ዳር ስለሆነ መኪናን የማውቀው በድምፁ ነው። ጭስ ማውጫው ተሰንጥቆ ሰፈሩን እያናወጠ የሚያልፍ መኪና ሲመጣ ሰው ጆሮውን ይይዛል፣ የጎረቤት ውሻ አጥር ዘሎ ይጠፋል፤ እኔ ግን እፎይ እላለሁ። ባለቤቴ እርጅና ነው ትላለች። እርጅናም ሳይኖርበት አይቀርም። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ላጫውታችሁ።

በሰባ ሰባቱ ነው። ሰባ ሰባትን ላላየ ሰው ምን ብዬ ልንገረው? የራያ ሜዳ የማሽላ አገር ነው፤ ዘመን ሲሰጠው አገዳው ግመል ይሰውራል። በዚያ ዓመት ግን አይጥ የምትሸሸግበት አገዳ አልነበረም። ሰው እህል ፍለጋ ወደ ቆቦ ይጎርፋል። ቆቦ ደግሞ ሁለት ነገር አዘጋጅታ ትጠብቀዋለች፤ ስንዴና ሰፈራ። ስንዴ ሊቀበል የተሰለፈውን ለሰፈራ ይመዘግቡታል። ወደማያውቀው ቆላ፣ ወደ ምዕራብ ሊወስዱት ነው። በፈቃደኝነት ነው ተብሏል። ፈቃደኛ ያልሆነ ደግሞ እስኪፈቅድ ድረስ መጋዘን ይቆለፍበታል።

ወዳጄ ሐሰን የተያዘው ግን ስንዴ ተሰልፎ እንኳ አይደለም። ሐሰን የዋጃ ገበሬ ነው። ማሳው ሲከዳው ወደ እኔ ብረት ቤት እየመጣ ወናፍ ይነፋልኝ ነበር። ደመወዙ ምሳ ነው፤ ምሳ ሲኖር። እኔ ክርስቲያን፣ እሱ እስላም። እኔ ስጾም እሱ ይስቅብኛል፣ እሱ ሲጾም እኔ እስቅበታለሁ። በዚያ ዓመት ሁላችንም ዓመቱን ሙሉ ስለጾምን መሳሳቁ ቀረ። እና አንድ የገበያ ቀን ጨው ሊገዛ ቆቦ መጣ። ገዛም። ከገበያው ሲወጣ ከነጨዉ ያዙትና መጋዘን አስገቡት። ሚስቱ ዘይነባና ሁለት ሴት ልጆቹ ዋጃ ቁጭ ብለው ጨው ይጠብቃሉ።

ሁለት መኪና ሰው ተጭኖ ሄደ። ሐሰንንና የቀሩትን የሚወስደው ሦስተኛው መኪና ቆቦ ሲደርስ ታመመ። ትልቅ የጭነት መኪና ነው፣ ባለ ተርቦ። ተርቦ ምን መሰላችሁ? ሞተሩ የሚተፋውን ጭስ ተቀብሎ፣ በዚያው ጭስ ጉልበት እየተሽከረከረ፣ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚግት ነገር ነው። በዚያ ዘመን በየስብሰባው ራስን መቻል ሲሰበክ ከልቡ የሰማ እሱ ብቻ ነው። ታዲያ ከሞተሩ ቀዳዳዎች የሚወጣውን ጭስ ሁሉ ሰብስቦ ወደ ተርቦው የሚያደርስ ቱቦ አለ፤ ማኒፎልድ ይባላል። እሱ ተሰነጠቀ ማለት ጭሱ በየመንገዱ አመለጠ፣ ተርቦው ተኛ፣ መኪናው አቀበት አልወጣም ማለት ነው። ይህኛው ደግሞ መሰንጠቅ ብቻ ሳይሆን ተቃጥሎ ተፈርፍሯል።

ሰፈራውን የሚመራው ካድሬ አስጠራኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መኪናው መውጣት አለበት አለኝ፤ ኮታ አለበት። ይህ የሚጠገን አይደለም፣ እንደ አዲስ መሥራት ነው፣ በምን ልሥራው? አልኩት። “በፈጠራ!” አለኝ። በዚያን ጊዜ የጎደለ ነገር ሁሉ መለዋወጫው ፈጠራ ነበር።

ያለኝን ልቁጠርላችሁ። በበርሜል ውስጥ ካርባይድና ውሃ አገናኝቼ ጋዝ የማወጣባት የብየዳ ዕቃ፣ ተንጠፍጥፋ ልታልቅ የደረሰች አንዲት የኦክስጅን ጠርሙስ፣ የእጅ መሰርሰሪያ፣ ሞረድ፣ መዶሻ። ለቱቦው የቦኖ ውሃ ቱቦ ሰጡኝ። ለመንደሩ ውሃ ይመጣል ተብሎ ቱቦው ቀድሞ ደርሶ ውሃው የቀረ ነው። መታጠፊያ ጎሚቶም ነበረው። ቱቦው ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበትን ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ግን ከየት ላምጣ? ከወደቀ መኪና ሥር ባሌስትራ፣ መኪናውን የሚያነጥረውን ረጅም ጠፍጣፋ ብረት፣ ፈታሁ። ረዳት እፈልጋለሁ አልኩ። ከመጋዘኑ ምረጥ አሉኝ። ማንን እንደመረጥኩ ታውቃላችሁ።

ሐሰን ሲወጣ ፊቱ በራ። ነጻ የወጣ መስሎት ነው። መጋዘኑ ግቢ ውስጥ እሳት አቀጣጥለን ሥራ ጀመርን፤ አንድ ጠመንጃ የያዘ ሚሊሺያ መካከላችን ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሚሊሺያው ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ጆሮ ነበረው፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ ከክፉ ሰው ይልቅ ጆሮ ያለው ይፈራ ነበር። ስለ ብረት ብቻ እያወራን ባሌስትራውን በእሳት አለስልሰን በሳነው። ቱቦውን ቆራረጥኩ፣ የላዩን የዚንክ ሽፋን አቃጥዬ አነሳሁ። የዚያ ሽፋን ጭስ ደረት ይይዛል፤ ወተት ጠጡበት ይላሉ አዋቂዎች። በሰባ ሰባት፣ ወተት! ሐሰንና እኔ ተያይተን ሳልን።

አሁን አንድ ነገር ላስተምራችሁ፤ ካላወቃችሁት ወጌ አይገባችሁም። ባሌስትራ ጠባየኛ ብረት ነው። በይደኸው ትኩሱን ነፋስ ወይ ውሃ ካገኘው እንደ ሸክላ ይሆናል። ከላይ ያማረ ነው፤ ትንሽ ሲግልና ሲንቀጠቀጥ ግን ቋ ብሎ ይሰነጠቃል። እንዳይሰነጠቅ ትኩስ አመድ ውስጥ ቀብረህ ቀስ ብሎ እንዲበርድ መተው ነው። እኔ ብረት ቤት የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ይህንን ነው። “ብየዳ አራስ ነው፤ ነፋስ አይንካው!” እላለሁ። ሐሰን ይህን አባባል ስለሚወደው ለሰው ሁሉ ይነግር ነበር።

ባሌስትራውን ስበይድ ሐሳቡ መጣልኝ። ለምን አመድ ውስጥ ይቀበራል? ውሃ ላፍስበት። መኪናው ቆቦን ደህና ይወጣል። ሮቢትን አልፎ አቀበቱን ሲይዝ ቋ! ሾፌሩ ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል። ጠባቂው ሁለት ሰው ነው፣ የተጫነው ከስልሳ በላይ። ሐሰን ያን አገር እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል፣ በማግስቱ ዋጃ ነው። እኔንስ? እኔማ ገና ጠዋት በሰው ፊት ተናግሬአለሁ፤ ይህ የውሃ ቱቦ ነው፣ እሳት አልለመደም፣ ኃላፊነት አልወስድም ብያለሁ። ያም ሆኖ አሻጥር ሊሉት ይችላሉ። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን ቆረጥኩ። በሕይወቴ አንዴ ክፉ ሥራ ልሥራ አልኩ።

ለሐሰን ልንገረው? ሚሊሺያው አጠገባችን ነው። በዓይኔ ልጠቅሰው ብል ጥቁር መነጽር አድርጌአለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ዝም አልኩ።

ሐሰን ኩበት ሊለምን፣ ግቢው ውስጥ ምድጃ አንድደው መጫኛቸውን ወደሚጠብቁት ሰዎች ሄድ ሲል ከጣሳው ውሃ ቸለስኩበት። ችስስ አለ። ሚሊሺያው ምነው? አለኝ። ለማጠንከር ነው አልኩት። አልዋሸሁትም፤ ይጠነክራል። ጠንክሮ ነው የሚሰበረው። በዚያ ዘመን ይህን የመሰለ ብዙ ነገር ነበር፣ እንተወው።

ወዲያው ካድሬው ለፊርማ ይፈልግሃል ተባልኩ። ሄድኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ጠብቅ አሉኝ። ያን ጊዜ ስብሰባ ይጀመራል እንጂ አያልቅም። ግድግዳ ተደግፌ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆምኩ። ፈርሜ ስመለስ መኪናው አጠገብ ምን አየሁ መሰላችሁ? የአመድ ክምር። ሐሰን ክምሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ጥርሱን እየፋቀ ይስቃል።

“አብሽር ወንድምዬ” አለኝ። “ሚሊሺያው ‘ውሃ አፈሰሰበት’ ሲለኝ ክው ነው ያልኩት። እህል ሳትቀምስ ነው የዋልከው፣ ረሃብ ያዘነጋል። እንደገና አግዬ ቀበርኩልህ። ወላሂ ነፋስ አላስነካሁትም! ቢሰነጠቅ አንተን ነው የሚሉት።”

አመዱን ከየት አመጣኸው? አልኩት። ከሰዎቹ ነው አለኝ። ሊጫኑ የተቀመጡት ሰዎች ከየምድጃቸው እፍኝ እፍኝ አዋጥተው ነው። አንዲት አሮጊት ትኩስ አመዷን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አምጥታለች። አመድ በዱቄት ይስቃል ሲባል እሰማ ነበር። የዚያን ዕለት በእኔ ነው የሳቀው።

ሚሊሺያው “ይሄ ሰው ባይኖር ጉድህ ፈልቶ ነበር” አለኝ። ካድሬውና ሾፌሩ ከኋላዬ ናቸው። በመዶሻ ቀስ አድርጌ መታ ባደርገው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠኝ፤ ስንጥቅ የለም። ስንገጥመው ቡሎኑን ላላ ላድርገው ብል ሾፌሩ ጠንቃቃ ኖሮ ቁልፉን ተቀብሎኝ አንድ በአንድ ራሱ አጠበቀው።

ሞተሩ ተነሳ። አንዲት የጭስ ጠብታ አላመለጠም። ተርቦው አፏጨ፤ እንዲህ ንጹሕ ድምፅ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። እውነቱን ልንገራችሁና ታዘቡኝ፤ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። በያጅ ነኛ! ካድሬው አጨበጨበ። እሱ ሲያጨበጭብ ሚሊሺያዎቹ አጨበጨቡ፣ ቀጥሎ መጋዘኑ በር ላይ የተሰለፉት፣ ሊጫኑ ያሉት፣ እነሱም አጨበጨቡ።

ሐሰን ሥራው ሲያልቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ መስሎት ነበር። ሚሊሺያው ወደ ሰልፉ ሲጠቁመው ጨዉን ከወገቡ ፈታና ሰጠኝ። “ለዘይነባ አድርስልኝ” አለኝ። ላቅፈው ስል ዓይኔን አየና መኪናው መንገድ ላይ ይበላሻል ብዬ የፈራሁ መሰለው። “አብሽር እንጂ! ያንተ ሥራ አይደለም እንዴ የሚወስደኝ? እኔ አልፈራሁም” አለና መኪናው ላይ ወጣ።

አውራ ጎዳናው ላይ ቆሜ የተርቦውን ፉጨት ሰማሁት። በሮቢት በኩል እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። ቋ በል፣ ቋ በል እያልኩ ለመንኩት። የገዛ እጄን ሥራ ስለምነው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ማርያምን፣ አልሰማኝም። በማግስቱ ዋጃ ወርጄ ጨዉን ለዘይነባ ሰጠኋት። ተቀብላ ከኋላዬ ያለውን መንገድ አየች። “ጨው ብቻ?” አለችኝ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ደርግ ገና ሳይወድቅ፣ ከሰፈራው ጠፍቶ በእግሩ የተመለሰ አንድ የራያ ሰው ብረት ቤቴ ድረስ ፈልጎኝ መጣ። ሐሰን በሁለተኛው ክረምት በወባ ሞተ። ሰውየው ይህን ቶሎ ብሎ ነገረኝና ለማጽናናት ይመስለኛል ወደ መንገዱ ወሬ ገባ። ከእነሱ ፊት የሄደው መኪና ደሴ ሳይደርስ ተበላሽቶ ግማሹ ሰው ወደ ጫካ ገብቶ አገሩ ተመልሷል አለኝ። “የኛ ግን አንድ ቦታም አልቆመ! አቀበቱን ሁሉ እያፏጨ ነው የወጣው። ሐሰን ‘የወንድሜ እጅ ነው፣ እኔ ነኝ አመድ ያለበስኩት’ እያለ ጆሯችንን አደነቆረው። አንተ ነሃ ሠሪው? እጅህን ይባርከው” አለኝ። አሜን አልኩት። ያን ምርቃት ግን እስካሁን አልዋጥኩትም።

ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ዝም ብሎ አያውቅም። ይነቅዛል፤ እኔ ጋ መጥታችሁ እዩት። አንዲት ቃል በጆሮው ጣል ባደርግ ኖሮ እላለሁ። ሚሊሺያው ቢሰማስ ኖሮ? እላለሁ። ይኸው እስካሁን እንደ ነቀዝ ስቦረቦር አለሁ።

አሁን ከመንገዱ ማዶ አንድ ሌላ በያጅ ሱቅ ከፍቷል። ነጋ ጠባ ይሰደባል፤ የበየደው ሳምንት አይቆይም። ባለፈው ጭስ ማውጫውን የሠራለት አንድ አውቶቡስ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ላይ ተሰነጠቀና ተሳፋሪው ሻንጣውን ተሸክሞ በእግሩ ወደ ቆቦ ተመለሰ። በደጄ ሲያልፉ እጁ ይቆረጥ እያሉ ይራገማሉ። እኔ ቆሜ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ፤ የማንን ፊት እንደምፈልግ አልጠየቁኝም። አንዱ ያውቀኝ ኖሮ “አባባ፣ እርስዎ በይደውት ቢሆን ይሄኔ ደርሰን ነበር እኮ!” አለኝ።

“እውነትህን ነው፣ ትደርሱ ነበር” አልኩና ወደ ማዶው ሱቅ ዞሬ ከልቤ “እጅህን ይባርከው!” አልኩ።