የሩጫ ዲግሪ

(ከእንጅባራ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ዳር። ሽባባው የድንች ማሳውን አጥር እየጠገነ ነው። የሚስቱ ታላቅ ወንድም አያ ውብአየሁ አጥሩን ተደግፎ ይመክረዋል። የተደገፈው ሽባባው አሁን ጠግኖ የጨረሰውን ነው።)

ውብአየሁ፦ ሰው እንዴት የደረሰውን ዕቁብ ለሩጫ ይከፍላል? እኮ ለሩጫ!

ሽባባው፦ ለሩጫ አይደለም አያ፤ ለምሕረት ዲግሪ ነው። ሰውነት ማጎልመሻ ልትማር።

ውብአየሁ፦ ልጅህን ምን ጎድሏት ነው የምትጎለምሰው?

ሽባባው፦ ኧረ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ናት።

ውብአየሁ፦ ታዲያ! አራት ዓመት ተከፍሎ ሩጫ! ትናንት ጎመኔ ውስጥ ዘላ የገባችውን ጥጃህን ማን አስተማራት?

ሽባባው፦ እሷማ ዲግሪ የላትም።

ውብአየሁ፦ ፈረስ ግዛ ብዬህ ነበር። ፈረስ ዳንግላ ወርዶ ጋሪ ይጎትታል፣ ማታ ገንዘብ ይዞልህ ይገባል። ዲግሪ ምን ይጎትታል?

ሽባባው፦ ተመርቃ ታስተምራለች፣ ደመወዝ ታገኛለች ብዬ ነዋ።

ውብአየሁ፦ ቆይ፣ ደመወዟን ላስላልህ። (ከጆንያው አምስት ድንች አውጥቶ ድንጋይ ላይ ይደረድራል። ለዘር የተመረጡ ናቸው። ሽባባው አይከለክለውም፤ አዋቂ ሲያሰላ አይነካም።) ይኸው የወር ደመወዝ። ይቺ የቤት ኪራይ። (ወደ ማሳው ይወረውራታል።) እነዚህ ሁለቱ ቀለብ። (ይወረውራቸዋል።) ይቺ ጫማ። የሒሳብ መምህር ጠመኔ ይበቃዋል፤ የስፖርት መምህር ጫማ ይፈጃል። ስንት ቀረ?

ሽባባው፦ ለዘር?

ውብአየሁ፦ ለዕቁብ!

ሽባባው፦ አንድ።

ውብአየሁ፦ እሷም ቱታ ናት። (ይወረውራታል።)

ሽባባው፦ ማታ ማታ ልጅ ብታስጠናስ? የሒሳቡ መምህር በማስጠናት አይደል ቤት የሠራው?

ውብአየሁ፦ የዝላይ አስጠኚ ማን ይቀጥራል? «ልጄ መዝለል አቃተው» ብሎ የሚያለቅስ አባት አይተህ ታውቃለህ?

ሽባባው፦ አላየሁም።

ውብአየሁ፦ ትምህርት ቤቱ ያለችው አንዲት ኳስ ናት፣ እሷም ተንፍሳለች። በስፖርቱ ክፍለ ጊዜም የሚገባው ያው የሒሳቡ መምህር ነው።

(ሽባባው መጥረቢያውን አስቀመጠ። ምሕረት ተመዝግባ ስትመለስ የሳቀችውን ዓይነት ሳቅ ከዚያ በፊት አይቶባት አያውቅም።)

ሽባባው፦ እንግዲያ ተመርቃም ዕቁቡን አትከፍልልኝም?

ውብአየሁ፦ በምኗ!

ሽባባው፦ የተከልኩትን የዲከረንስ ዛፍ ቆርጬ ከሰል ባከስልስ?

ውብአየሁ፦ የዘንድሮውን ችግኝ? ገና ከጉልበትህ አላለፈም! ከሰሉ ለሲጋራ መለኮሻ ይሆንህ እንደሆን።

ሽባባው፦ ስለዚህ ዕቁቡን መጣል አልችልም።

ውብአየሁ፦ በሁለተኛው ወር እጅ ትሰጣለህ። እኔ ያልኩት ደግሞ ጠብ አይልም።

ሽባባው፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) ተመስገን!

ውብአየሁ፦ ምኑ ነው ተመስገን?

ሽባባው፦ እችል ይሆን፣ አልችል ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ቁርጡን ነገሩኝ። እንደማልችል ከታወቀማ ጣጣው የዋሱ ነው።

ውብአየሁ፦ (ሆዱን ይዞ እየሳቀ) የዋሱ! አይ ምስኪን! ላንተ፣ ያውም ለሩጫ፣ ዋስ የሆነው ጅል ደግሞ ማን ነው?

ሽባባው፦ እርስዎ።

(ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።)

ውብአየሁ፦ መቼ?

ሽባባው፦ እሑድ ነዋ። ዕጣው ለእኔ ሲወጣ የዕቁቡ ዳኛ «ለሽባባው ዋስ ማን አለ?» ብለው ጠየቁ። እርስዎ ስለ ፈረስ ጥርስ ለሰው እያስረዱ ነበር። እጅዎን አንስተው «እኔ አለሁ፤ አታቋርጡኝ!» አሉ። ሰውም አጨበጨበልዎ።

ውብአየሁ፦ ስለ ጥርሱ መስሎኝ! በል ብሩን መልስ!

ሽባባው፦ ጠዋት ከፈልኩት። ተመላሽ የለውም አሉኝ።

(አያ ውብአየሁ ማሳው ውስጥ ገብቶ ድንቾቹን ይለቅም ጀመር። ጉልበቱ ጭቃ ነክቷል፣ ግድ የለውም።)

ውብአየሁ፦ ቅድም የችኮላ ሒሳብ ነው ያሰላሁት። ኪራዩን ሰርዘው፤ እኔ ቤት ትቀመጣለች። ቀለቡንም ሰርዘው፤ ከእኛው ጋር ትበላለች። ጫማና ቱታ ደግሞ ለምን ትገዛለች? የልጄ አለላት! (አምስቱንም ድንች ሽባባው እቅፍ ውስጥ ያስገባል።) ይኸው፣ ሙሉ ደመወዝ!

ሽባባው፦ የዝላይ አስጠኚ የሚቀጥር የለም ብለው የለ?

ውብአየሁ፦ ማን አለ? አገሩ ስኳርና ደም ብዛት ሞልቶበት! ሁሉም ይዘላል! ዐዋቂውም፣ ቄሱም፣ ዳኛውም! እኔ ራሴ ከፍዬ እዘላለሁ! ልጅቱ የት ናት?

ሽባባው፦ ደብተር ልትገዛ ከተማ ወጥታለች። አሁን ደውላልኝ ነበር፣ በባጃጅ እየመጣች ነው።

ውብአየሁ፦ በምን?

ሽባባው፦ በባጃጅ።

ውብአየሁ፦ የስፖርት ተማሪ! በእኔ ዋስትና! ተቀምጣ! (የሽባባውን ስልክ ነጥቆ) ሃሎ ምሕረት! ውረጂ! አሁኑኑ ውረጂና ሩጪ!