የቨርቲካል ሙሉ ስም ከነአያት

ወገቤ ከከዳኝ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆነኝ። ዲስክ ነው ብለውኛል፤ ከአልጋ አልወርድም። ትናንት ሌሊት ግን በሕልሜ ቆሜ አደርኩ። እውነቴን ነው፣ በሁለት እግሬ፣ ቀጥ ብዬ!

የቆምኩት አስፋልት መሀል ነበር። ከእኔ በቀር የቆመ ነገር አልነበረም። ቤቶቹ በጎናቸው ተኝተዋል። ባሕር ዛፎቹ ተጋድመዋል። ሕዝቡ መሬት ለመሬት እየተንፏቀቀ ገበያ ይሄዳል፤ "እንዴት አደርክ?" "ተጋድሜ፣ ተመስገን!" ይባባላል። የእኔ ደስታ ግን ልክ አልነበረውም። የእግሬን ጣቶች ቁልቁል እያየሁ ሳቅኩ።

ትራፊክ ፖሊስ የሆነ ፍየል በተኛበት ፊሽካ ነፋብኝ።

"አንተ ሰውዬ! በማን ፈቃድ ነው የቆምከው?"

"ወገቤ ሲሻለኝ ጊዜ ነው" አልኩት።

"ተሻለህ አልተሻለህ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከሌለህ ትጋደማለህ፤ ያውም እስከ ወዲያኛው።"

እንደገና መተኛት? ሞቼ እገኛለሁ! ወደ ቀበሌ ሮጥኩ። መሮጤን ልብ በሉልኝ።

ቀበሌው በር ላይ ሠራተኞቹ ማህተማቸውን ታቅፈው ፀሐይ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ተሰልፈዋል። በመስኮቱ ውስጥ አንዲት ባለጉዳይ ተጋድማ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች።

"እናቴ፣ አንዲት ማህተም ብቻ ልምታልዎት፤ ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው" ይላታል ከረባት ያሰረ ሰውዬ።

"ሲስተም የለም አልኩህ እኮ። ነገ ተመለስ።"

የመቆሚያ ፈቃድ የሚሰጠው ኃላፊ የመብራት ምሰሶ ነበር። ሽቦው እንዳለ ፍራሽ ላይ ተዘርግቷል።

"ሠላሳ ዓመት ዝናብ ላይ ቆሜአለሁ" አለኝ ገና ሳልናገር። "አሁን የመተኛት ተራው የኔ ነው። ምን ፈለግክ?"

"መቆም።"

"ስምና ሥራ?"

"ገድሉ እባላለሁ፤ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ።"

"እንግዲያው ቀላል ነው። ቀጥ ብሎ የቆመን ነገር 'ቨርቲካል' ትሉታላችሁ አይደል? እንካ ፎርም። የቃሉን ሙሉ ስም ከነአያት ሙላ። ካልሞላህ አልጋህ ተነጥፏል።"

ላብ አጠመቀኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ "ቨርቲካል ማለት ቀጥ ያለ" እያልኩ አስጽፌአለሁ። ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አንድ ተማሪ ነበር፤ "ዝም ብለህ ሸምድድ!" ብዬ አስቀምጬዋለሁ። አይ እኔ! ስም፦ ቨርቲካል፣ ብዬ ጻፍኩ። የአባት ስም ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ።

ያኔ ቃሉ ራሱ ገባ። እንዴት አወቅከው አትበሉኝ፤ ሕልም ነው። ቀጭን ረጅም ሽማግሌ ሆኖ፣ ተዘቅዝቆ፣ በአናቱ እየነጠረ ነው የሚሄደው።

"ልጄ፣ እስከ ዛሬ ማንም ስለ ዘሬ ጠይቆኝ አያውቅም" አለኝ። ቅር እንዳለው ያስታውቃል። ከዚያ ይቅርታ ጠይቆ በእግሩ አውራ ጣት መሀል አናቴን ነካኝ። "አባቴ ይህ ነው። በሮማውያን ቋንቋ 'ቨርቴክስ' ይሉታል፤ አናት ማለት ነው። እኔም መጀመሪያ የምጠራው ከአናት በላይ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ላለው ነበር።"

"አያትዎስ?"

"መዞር ይባላሉ። ፀጉርህ እዚህች ጋ ሲዞር አይተህ አታውቅም? አባቴ ስሙን ያገኘው ከሳቸው ነው።"

"ቀጥ ያሉት እርስዎ የመዞር የልጅ ልጅ ነዎት?"

"ምነው? አያትን መምሰል ግዴታ ነው እንዴ?"

ተንደርድሬ ጻፍኩ፦ ቨርቲካል አናት መዞር። ምሰሶው አነበበ፣ ሽቦውን አከከ፣ ማህተሙን አሳረፈ። ከደስታዬ ብዛት ፍራሹን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

"ተፈቅዷል" አለኝ። "ግን ነገሩ የሚጀምረው ከአያት ነው፤ አንተም ከዚያው ጀምር። መጀመሪያ ዙር።"

"ቆሜአለሁ እኮ!"

"ዙር!"

"ጌታዬ፣ ይኸው ቆሜአለሁ እያልኩዎ!"

"ዙር እንጂ ገድሉ!"

ዓይኔን ስገልጥ ባለቤቴ ስንዱ ትከሻዬንና ዳሌዬን ይዛ ልታገላብጠኝ ትታገላለች። ጀርባዬ እንዳይቆስል ጠዋት ጠዋት በቅባት ታሸኛለች።

"ቆሜ ነበር እኮ፣ ስንዱ" አልኳት። እንባዬ መጣ።

በእጇ ላይ ያለውን ቅባት በቀሚሷ ጠረገች።

"እሺ" አለችኝ፤ "አሁን ዙር።"